ነፋሱ ዓርብ ይዞራል

ማስታወቂያው እንደ ወትሮው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ይርዳው ቸኮል ጥርሱን እየፋቀ አነበበው። «ጨው በር። የየብሱ ነፋስ ዛሬ ይቆማል። ባሕሩ ስምንት ቀን ይረጋል። ቀለም፦ ቀይ። የፊታችን ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነፋሱ ከባሕር ወደ ከተማ ይዞራል። ዓርብ ስድስት ሰዓት ተመልሶ ይዞራል። የሚጠበቅ ሟች፦ አራት።» ከሥሩ አንድ ቁልፍ ብቻ አለ፤ «አውቄያለሁ» ይላል። ይርዳው ተጫነው። በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ማወቅ ግዴታ ነበር። ካወቁ በኋላ ለሚደረገው ነገር ግን ቁልፍ አልተሠራለትም።

ትንበያው ተሳስቶ አያውቅም። የይርዳው አባት በሕይወት ሳሉ ዝናብ ይጥላል በተባለ ቀን እህል ያሰጡ ነበር፤ ይስቁበትም ነበር። ያኔ ትንበያ ግማሹን ይስት ስለነበር ሰው በሳተው ግማሽ ተስፋ ያደርጋል። አሁን ነፋሱ የሚዞርበት ደቂቃ ሳይቀር ይታወቃል፤ ነፋሱን ግን የሚመልሰው የለም። ከዓመታት በፊት የከተማው ሰዎች በጀልባ ወጥተው ባሕሩ ላይ የሸክላ አፈር ረጩ፤ የባሕሩን ቀይ አረም ይዞት ይሰምጣል ተብሎ ነበር። ሰምጦም ነበር፣ ለሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲመጣ ጀልባዎቹ ተሸጡ፤ የተረፈው አፈር የትምህርት ቤቱን ሜዳ ለመደልደል ዋለ።

ጨው በር ውስጥ ነፋስን የማያስረዳ ሰው የለም። የከተማው ሕዝብ ከሁለት ትውልድ በፊት መሬቱ አላበቅል ብሎት ከደጋ የወረደ ስለሆነ ነገሩን የሚያወራው በገበሬ አፍ ነው። የየብሱ ነፋስ ባሕሩን ያርሰዋል ይላሉ። ላይኛውን ሙቅ ውሃ ወደ መሀል ይገፋዋል፤ ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ደግሞ ለዘመናት ወደ ታች የወረደውን ፍግ ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ፀሐይ ሲያርፍበት ለብቻው በዓይን የማይታይ ቡቃያ ባሕሩን ያለብሰዋል። ድሮ ነፋሱ አምስት ስድስት ቀን ነፍሶ ያርፍ ነበር። ቡቃያው አረንጓዴ ነበር፤ እሱን ሰርዲን ይበላዋል፣ ሰርዲኑን ትልቅ ዓሣ፣ ትልቁን ዓሣ ሰው። አሁን ሦስት ሳምንት ሙሉ ይነፍስና ድንገት ቀጥ ይላል። ከልክ በላይ ታርሶ የተተወ ማሳ የሚያበቅለው አረም ነው። የባሕሩ አረም ቀይ ነው፤ መርዙም ውሃው ውስጥ ብቻ አይቀመጥም። ማዕበሉ ሲሰበር ከርጭቱ ጋር አየር ላይ ይወጣና የሚወስደውን ነፋስ ይጠብቃል።

ሕዝቡ የሚኖረው ይህን ተከትሎ ነው። አረንጓዴ ሲሆን ሴቶቹ ከባሕሩ የተጠለለውን ቡቃያ ሰሌን ላይ ያሰጣሉ፤ ሲደርቅ ከበርበሬ ጋር አስፈጭተው የባሕር ሽሮ ያደርጉታል። ጾም ይገድፋል አይገድፍም በሚለው ካህናቱ አሥር ዓመት ተከራክረው አይገድፍም ብለዋል። ቢጫ ሲሆን ልጆች ከባሕር ዳር ይመለሳሉ። ቀይ ሲሆን መስኮት ይታሸጋል፤ የአየር ማጣሪያው ሳጥን እንደ ታመመ ሰው እያቃሰተ ይውላል። ውጭ መውጣት የግድ ከሆነ ጭምብል ይደረጋል፤ የጨው በር ሰው ግን ጭምብል ብቻውን ስለማያምን ከላዩ በውሃ የተነከረ ነጠላ ይከናነብበታል።

ይርዳው የሰፈሩ ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ይህም ሥራ ከአባቱ የመጣ ነው። የባሕር ጣቢያውም ይርዳውን የቀጠረው፣ ሰዎች ማስታወቂያውን «አውቄያለሁ» እያሉ ሳያነቡ ማለፍ ሲጀምሩ ነው። ስልካቸውን ዝም ያሰኙ ሰዎች ለጥሩምባ ግን ይነሣሉ። ስለዚህ ለነፋስ ሦስት አጫጭር ይነፋል፣ ለሞት እንደ ጥንቱ አንድ ረጅም። በሦስቱ ሰው ይገባል፣ በአንዱ ይወጣል። ነፊው የማይነፋበት ቤት አንድ ነው፤ የራሱ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ በወሊድ ስትሞት ጓደኛው ጫንያለው ሳይናገር ገብቶ ጥሩምባውን ከምስማሩ ላይ አንሥቶ ወጥቶ ነፋለት። ያን ቀን ሁለቱም ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም፤ ከዚያም ወዲህ አልተነጋገሩም።

የቀረችለት ልጁ ማስተዋል ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ትሰፋለች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በሰባ አምስቱ ቀይ ነፋስ ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ ያዛትና ሳምባዋ ተጎዳ። ሐኪሙ ደግ ሰው ስለነበር አልሸፋፈነም። «ሌላ ቀይ ነፋስ ውጭ ካገኛት አትችለውም» አለ። ወደ ደጋ ለመውጣት ተመዝግባለች፤ ተራዋ የካቲት ላይ ነው። አሁን ጥቅምት ነው። ይርዳው ከዚያ ወዲህ ዓለሙን በሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው፤ ከመስኮቱ ወዲህና ከመስኮቱ ወዲያ።

ዕድሩን ያስቸገረውም ለእሷ ብሎ ነው። በቀይ ነፋስ ቀን ሰው ቢሞት ለቅሶ እንዲቀር፣ የቀረም እንዳይቀጣ፣ ቀብሩም በጥቂት ሰው እንዲፈጸም ሐሳብ አቀረበ። ሁለት እሑድ ተከራከሩና በሙሉ ድምፅ አጸደቁለት። እጃቸውን ሲያወጡ ፊታቸውን አይቶ መጠርጠር ነበረበት። ሁሉም ሕጉን ያጸደቀው ለሌላው ሰው ነበር።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሦስቱን ነፍቶ ገባ። ነፋሱ በሰዓቱ ዞረ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የከረመ ሥጋ የተቀቀለበት ብረት ይመስላል። ቀጥሎ ሳል። ከተማው ሁሉ በየቤቱ ተዘግቶ አንድ ላይ ሲስል ግድግዳ ለግድግዳ ይሰማል። ማስተዋል መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች። «ሲታይ እኮ ያምራል» አለች። እውነቷን ነው፤ ያምር ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጫንያለው ደወለ።

«ይርዳው» አለ።

«መጣሁ» አለ ይርዳው። ለማስተዋል ጣቢያው ጠርቶኛል ብሏት ነጠላውን ነክሮ ወጣ።

የሞቱት የጫንያለው እናት እማማ ደብሪቱ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የማጣሪያው ሳጥን ጠዋት ላይ ቆሞ ኖሮ ጫንያለው ሊጠግን ሲታገል እሳቸው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። ይርዳው ጭምብሉንና ነጠላውን አውልቆ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ማስተዋልን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እኚህ ሴት ናቸው። ፀጉሯን ሠርተውላታል፣ መርፌ መያዝ አስተምረዋታል፣ እስከ ትናንት ድረስ ዘወትር ጠዋት በግድግዳው በኩል «ማስቴ፣ ነቃሽ?» ይሏት ነበር፤ ቤቶቹ ተጣብቀው ነው የተሠሩት። አለቀሰ። ድምፁን ግን ግድግዳው እንዳይሰማ በእጁ አፈነው።

«ጥሩምባውን ንፋ አልልህም» አለ ጫንያለው። «አትንፋም አልልህም። እኔ ምን እንደምል አላውቅም። እናቴ ናት።»

«ብነፋ ሰፈሩ ይወጣል።»

«ይወጣል።»

«ማስተዋልም ትወጣለች።»

ጫንያለው ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ሳይለቀስላት ልቅበራት ነው?»

«አትቀብራትም። ዓርብ ስድስት ሰዓት ነፋሱ ይዞራል። እስከዚያ ዓሣ ማኅበሩ በረዶ ቤት ትቆይ። ዓሣ እንደሆነ የለበትም። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነፋለሁ፤ ከተማ ይወጣላታል፤ በወግ በማዕረግ እንቀብራታለን። እስከዚያ እኔና አንተ ብቻ እንወቅ።»

«እሷም ብትሆን ለማስቴ ብላ እሺ ትል ነበር» አለ ጫንያለው።

የበረዶ ቤቱ ቁልፍ የባሕር ጣቢያው ዘንድ ነው። የጣቢያው ተረኛ ሐያት ሁመድ ናት፤ የድሮው ዓሣ አጥማጅ የሁመድ ልጅ። ጋሪውን ሸፍነው ሲያመጡ ሐያት አንዴ አየችና ምንም ሳትጠይቅ ቁልፉን ሰጠች። እማማ ደብሪቱን ለሰርዲን በተሠራ መደርደሪያ ላይ አስተኟቸው። ጫንያለው ጋቢውን አልብሷቸው በጋሪው መንገድ ሲመለስ ይርዳው ወደ ኋላ ቀረ።

«አራት ይላል» አላት ሐያትን። «አንዷ ሄዱ። ሰው ሁሉ ቤቱ ቢውል ሌሎቹ ሦስቱ ከየት ይመጣሉ?»

ሐያት የጣቢያውን መስኮት ጠርዝ በጣቷ ጠረገች። «ጋሼ ይርዳው፣ እኔ የማነበውን ነው የማስተላልፈው።»

«ቁጥር ይቀንሳል?»

«እስከ ዛሬ ቀንሶ አያውቅም።» ዓይኑን አላየችውም። «ይሂዱ፣ አየሩ እየከበደ ነው።»

ከጣቢያው እስከ ቤቱ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። መንገዱ ላይ ከእሱ በቀር ሰው የለም። ይርዳው ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና ነገር የሠራ ሰው መሰለው። ሬሳውን ሸሸገ፣ ጥሩምባው ምስማሩ ላይ ነው፣ ልጁ ከመስኮቱ ወዲህ ናት። በየመስኮቱ ፊቶች ነበሩ፤ በቀይ ሳምንት ሰው ሌላ ሥራ ስለሌለው መንገድ ያያል። ወይዘሮ እናንየ ከመስታወቱ ኋላ ሆነው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሳል መስሎት በጭንቅላቱ ሰላምታ ሰጣቸው። የዳቦ ጋጋሪዋ ባል ከወንበሩ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ይርዳው ለሁሉም አንገቱን እየነቀነቀ አለፈ።

በሩን ከፍቶ ሲገባ ማስተዋል ጨርቅ እየቀደደች ነበር። ቀና ብላ አየችውና መቀሱን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ምን ሆንሽ?»

«ነጠላህ።»

ወደ ትከሻው ተመለከተ። ነጠላው ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አገጩ ሥር ተቀምጧል። ልጅ እያለ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ አባቱ አስተካክለው እንደሚያለብሱት፣ ልክ እንደዚያ። ከእማማ ደብሪቱ እግር ሥር ሲነሣ እጁ በገዛ ራሱ ያለበሰው ነው። አርባ ዓመት ለቅሶ የሄደ ትከሻ ትእዛዝ አይጠብቅም። የሰፈሩ ጥሩምባ ነፊ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ በቀን ብርሃን፣ በየመስኮቱ ሥር እየሰገደ አልፏል።

«እማምዬ ናት» አለች ማስተዋል። አልጠየቀችም። «ዛሬ ጠዋት አልጠራችኝም። ተኝታ ነው ብዬ ነበር።»

«ዓርብ እንቀብራታለን። ነፋሱ ሲዞር፣ ሁላችንም ሆነን። ልጄ፣ ሦስት ቀን ነው።»

«አሁን የት ናት?»

ውሸት አልመጣለትም። «በረዶ ቤት» አለ።

«ዓሣ ቤት?» አለች። «ብቻዋን?»

ይርዳው በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ማስተዋል አልታገለችውም። ተቀመጠች። ውጭ የመጀመሪያው በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ ሁለተኛው። የወይዘሮ እናንየ ድምፅ «እማማ ደብሪቱ! እናቴ!» እያለ በመንገዱ ላይ መጣ፤ በሳል እየተቆረጠ፣ እንደገና እየተነሣ። ሰዎች ድንኳኑን ከዕድሩ ዕቃ ቤት አውጥተው ተሸክመው ያልፋሉ። ይርዳው በቁልፉ ቀዳዳ «ግቡ! ሕግ አውጥተን የለም ወይ? ለእግዜር ብላችሁ ግቡ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሰው ከውጭ፣ በትሕትና፣ «እሺ ጋሼ፣ ደርሰን እንመለሳለን» አለው።

ዘወር ሲል ማስተዋል መስኮቱ ላይ ቆማለች። የማሸጊያውን ፕላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ገሽልጣዋለች። «ማስቴ!» ሲል ከፈተችው፤ ወገቧ ድረስ ወደ ውጭ ወጥታ የእማማን ስም ጠርታ አለቀሰች። ነፋሱ መጋረጃውን አንሥቶ ኮርኒሱ ላይ ለጠፈው። ማጣሪያው ሳጥን ቀይ መብራቱን አብርቶ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ወዲህና ወዲያ የሚባል ነገር አልነበረም። ይርዳው ቁልፉን ከኪሱ አወጣና በሩን ከፈተላት፤ ሁለት ነጠላ ነክሮ አንዱን እሷን አከናነባት፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ።

እማማ ደብሪቱ ከበረዶ ቤት ወጥተው ያን ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ተቀበሩ። ያልወጣ ሰው አልነበረም። ጨው በር ለቀብር እንዲህ አምሮ ወጥቶ አያውቅም፤ ይርዳው ይህን በማሰቡ ራሱን ረገመ። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ዞረ። ነፋሱ ሸራውን ባንድ በኩል እየነቀለው ወጣቶቹ መልሰው ይቸክሉታል። ሰው ጭምብሉን ገልጦ ንፍሮ ይቅማል፣ ይስላል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ደግሞ ይርዳውን ያጽናኑታል። «አይዞህ፣ መደበቅህ ለክፋት አይደለም» አሉት ሽማግሌው። የዳቦ ጋጋሪዋ ባል ጠጋ ብሎ «ነፊያችን አፉን ቢዘጋ በትከሻው ነፋ» ሲል ዙሪያው የነበሩት ፈገግ አሉ። ሰዎች ናቸው፤ ፈገግ አሉ። ማስተዋል ከጫንያለው አጠገብ ተቀምጣ እጁን ይዛለች። ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሐያት ለለቅሶ መጣች። የጣቢያውን ጭምብል አድርጋለች። ጫንያለውን ካጽናናች በኋላ ይርዳው አጠገብ ተቀመጠች።

«አራቱ ለቅሶውን ጨምሮ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማሽኑ ነፋሱን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። እኛንም ያውቀናል። አንዴ ለብቻዬ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ቢውል ብዬ አስልቼው ነበር። አንድ ይላል።»

ይርዳው ወደ እሷ ዞረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ነጠላዎን አስተካክለው ይለብሱ ነበር?»

ሐያት መልስ ፈልጋ አልጠየቀችም፤ እሷ ራሷ ያንን ሁሉ እያወቀች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ሐያት ስትሄድ ይርዳው ተነሥቶ ነፋሱ የሚገባበት ጠርዝ ላይ ወንበር አደረገ። ጭምብሉን አወለቀ፣ ነጠላውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ቁጥሩ አራት ከሆነ አንዱን ቦታ እኔ እይዘዋለሁ ብሎ አሰበ። ማሽን ማን እንደሆነ ምን ገዶት? አፉን ከፍቶ፣ ለረጅሙ እንደሚዘጋጅ ሰው፣ እስከ ሆዱ ድረስ ሳበ። ጉሮሮው ተቃጠለ፣ ዓይኑ አለቀሰ። እንደገና ሳበ። እስኪመሽ ድረስ እንዲህ አደረገ፤ ሐሙስም እስከ ቀትር እንዲሁ። ምንም አልሆነ። አርባ ዓመት ጥሩምባ የነፋ ሳምባ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ለሽማግሌው ነፋ። ሐሙስ ከሰዓት ለወይዘሮ እናንየ ነፋ። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ወጣ፤ ድንኳኑም እዚያው ስለነበር እንደገና መትከል አላስፈለገም።

ማስተዋል ሐሙስ ከቀትር ጀምሮ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ሐኪሙ መጥቶ አያት፤ ይርዳውን ወደ ውጭ ሳይጠራው እዚያው ትከሻውን ይዞት ቆየና ሄደ። ዓርብ ጠዋት ነቅታ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጫንያለው በዚያ በኩል ነበር። «ማስቴ፣ ነቃሽ?» አላት፤ እናቱ ይሏት እንደነበረው። ፈገግ አለች፤ እጇን ግን ወደ አፏ ማንሣት አቃታት። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች አባቷን። «አምስት ሰዓት» አላት። «እንግዲህ ደረሰ» አለች። ይርዳው እጇን ይዞ ሰዓቱን ያይ ነበር። አንድ ሰዓት ነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ይላል በሆዱ፤ የሚለምነውም ማንን እንደሆነ አያውቀውም፤ እግዜርን ይሁን ነፋሱን ይሁን ጣቢያውን። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እጇ እንደነበረች እጁ ውስጥ ቀረች፤ ትንፋሿ ቆመ።

ልክ በስድስት ሰዓት ነፋሱ ዞረ። ወደ ውስጥ ተነፍቶ የነበረው መጋረጃ ወደ ውጭ ወጣ። ሽታው ከቤቱ ተጠርጎ ሄደ። በየመንገዱ መስኮቶች ሲከፈቱ ይሰማል፤ ልጆች በሳምንታቸው ደጅ ወጡ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በራ። «ጨው በር። ቀለም፦ ቢጫ። አየሩ ንጹሕ ነው።» ቁልፉ ከሥሩ ይጠብቅ ነበር። ይርዳው አልተጫነውም።

በሩ ተከፈተ። ጫንያለው ነው፤ የእናቱን ነጠላ ዘቅዝቆ ለብሷል። ወደ አልጋው አየ። ወደ ግድግዳው ሄዶ ጥሩምባውን ከምስማሩ ላይ አወረደና በእጅጌው ጠርጎት ወጣ።